ከፋቡላ እስከ ያላቻ ጋብቻ፦ የታተመው ኮሜዲ ታሪክ

በአዊ ዞን፣ በጥርባም ሆነ በእንጅባራ፣ በዳንግላም ሆነ በቻግኒ ያደገ ሰው ትያትርን የሚያውቀው ከመድረክ ይልቅ በሬዲዮና በመጽሐፍ ነው። ታላላቆቹ ትያትር ቤቶች አዲስ አበባ ናቸው። ሀገር ፍቅርም፣ ብሔራዊም፣ ራስም፣ ማዘጋጃ ቤትም እዚያው ተሰብስበዋል። ስለዚህ ለአገው ምድር አንባቢ የታተመ ተውኔት ማለት ትያትሩ ራሱ ነው። መጽሐፉ ካልደረሰው ትያትሩም አልደረሰውም።

ታሪኩንም እንዲሁ ቆራርሰን ነው የምናውቀው። ፋቡላ ስለተባለው ተውኔት በትምህርት ቤት አንድ አንቀጽ ሰምተናል። ዮፍታሔ ንጉሤን በመዝሙር ግጥማቸው፣ መንግሥቱ ለማን በግጥሞቻቸው እናስታውሳለን። በርናርድ ሾው የሚባል ሰውዬ እንግሊዝ አገር እንደነበር ከእንግሊዝኛ መምህራችን ሰምተን ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ክር የተያያዙ መሆናቸውን ግን የነገረን ጥቂት ነው። ክሩ የታተመ ኮሜዲ ነው።

በ1913 ዓ.ም. አካባቢ፦ አውሬዎቹ በቴራስ ሆቴል

ሳቅ ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አያውቅም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከአፍ ወደ አፍ እየተዛመተ አገር አዳርሷል። አዝማሪውም በመሰንቆው ሹሙን ሸንቆጥ አድርጎ፣ ሹሙ ሲቆጣ ውዳሴ ነው ብሎ ማምለጡን ያውቅበታል። ይህ ሁሉ ግን የአፍ ነበር። ቀልዱ ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል፣ አለዚያም እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን እየጨመረ ሌላ ያደርገዋል። ወረቀት ላይ አስፍሮ «ይህን እገሌ ይበል፣ ያንን እገሌ ይመልስ» ያለ አልነበረም።

ይህን መጀመሪያ ያደረጉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሸዋ ተወልደው ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ እዚያም አድገው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ቀጥሎም በምዕራብ አውሮፓ የእርሻ ትምህርት ተከታትለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንደሚተረከው አዲስ አበባ ውስጥ «ትያትር» ተብሎ ወደ ተጠራ አንድ ዝግጅት ቢሄዱ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነ። ትያትር ይህ አይደለም አሉ። እንግዲያውስ አንተ አሳየን ተባሉ፤ እሳቸውም ጻፉ።

የጻፉትን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» አሉት። መነሻው የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ሩሲያ ያደገ ሰው የክሪሎቭን ተረቶችም ሳይሰማ አይቀርም፤ ይህ ግን የኔ ግምት ነው። በተውኔቱ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለ ጉቦ፣ ስለ ፍርድ መጓደል፣ ሥልጣኑን ለሆዱ ስላዋለ ሹም ነው። ጨዋታው በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱና ለመሳፍንቱ ታየ። አብዛኞቹ የትያትር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘመኑን 1913 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል።

አውሮፓ ውስጥ እንስሳን ማናገር ለደራሲ ጥሩ መከለያ ነበር። ንጉሡ ቢቆጣ «እኔ ያወራሁት ስለ ቀበሮ ነው» ይባላል። ቴራስ ሆቴል የተቀመጠው ተመልካች ግን በቅኔ ያደገ ሰው ነው። ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ማውጣት ከልጅነቱ የለመደው ጨዋታ ስለሆነ፣ ለእሱ አውሬ መከለያ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ግብዣ ነው። ተክለ ሐዋርያት ከውጭ ያመጡት መሸሸጊያ ኢትዮጵያ ውስጥ የማይሠራበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ፣ ንግሥት ዘውዲቱም ተቆጡ። ትያትር ማሳየት ተከለከለ፤ የታተሙት ቅጂዎችም ተሰበሰቡ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ሊጤን ይገባዋል። ጨዋታው ያለቀ ጉዳይ ነበር፤ ያዩትም በጣት የሚቆጠሩ የተጋበዙ ሰዎች ናቸው። የሚያስፈራው ያልተጋበዘው ሰው እጅ ሊገባ የሚችለው ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤት ለአዲስ አበባ ገና አዲስ ነገር ነበር። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ብርሃንና ሰላም የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ያ ማተሚያ ቤት ከዚያ በኋላ ላለው ሥነ ጽሑፋችን ሁሉ በር ሆኗል። የመጀመሪያው የታተመ ኮሜዲያችን ግን ከዚያ በር ውጭ ቀረ። ደግነቱ ጽሑፉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም ይጠናል።

ደራሲው በዚህ አልተሰበሩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ኢጣሊያ ልትወር ስትዘጋጅም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟግተዋል። ኮሜዲው የተወረሰበት ሰው የአገሩን ሕገ መንግሥት ጻፈ ቢባል ራሱ ኮሜዲ ይመስላል።

ከ1923 እስከ 1928 ዓ.ም.፦ ትምህርት ቤቱ መድረክ ሲሆን

ንግሥቲቱ አርፈው ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ክልከላው ላላ። አዲሱ ንጉሥ ትያትርን የሥልጣኔ ማሳያ አድርገው ስለሚያዩት የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሳየት ይፈልጉ ነበር። ማን ይጫወት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ተማሪ ሆነ። የዳግማዊ ምኒልክና የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች አዳራሾች መድረክ ሆኑ፤ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ልጆች ሻሽ አስረው ተጫወቱ።

በዚህ ዘመን ጎልተው የወጡት ጎጃሜው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ ቅኔ የተማሩት በዚያው በጎጃም ነው። አዲስ አበባ መጥተው መምህር ሆኑ። ከኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማ ጋር የተዋሐደውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ደረሱ፤ ተውኔትም በላይ በላዩ ጻፉ። ከተውኔቶቻቸው ርእሶች ውስጥ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «የሆድ አምላኪ ቅጣት» እና «የደንቆሮዎች ትያትር» ይገኛሉ። ርእሶቹ ብቻ የዘመኑን ጠባይ ይናገራሉ። መሳቅ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በሳቁ ማብቂያ ላይ ቅጣትና ምክር መኖር አለበት። ፋቡላ ሹሙን ሲያማ ተቀጣ፤ ተከታዮቹ ኮሜዲዎች ሆዳሙንና ሰነፉን እያሙ ከሹሙ ጋር ታረቁ።

ከጎጃም ቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች የወጣው ሌላው ወጣት ሐዲስ ዓለማየሁም በዚሁ ጊዜ አካባቢ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ተውኔት ጽፈዋል። በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያክል አስቂኝም አሳዛኝም ባላባት የፈጠረው እጅ መጀመሪያ የተፍታታው በተውኔት ነበር ማለት ነው።

ጎጃም ይህን ያህል ሰው ማፍራቱ አጋጣሚ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው የሰማውን ወዲያው ገልብጦ መመለስ፣ መሳለቅ፣ ጓደኛውን በአንድ ቃል መርታት ይማራል። ይህ ከአስቂኝ ተውኔት ምልልስ ሩቅ አይደለም። ችግሩ እንደ ቅኔው ሁሉ ተውኔቱም አለመታተሙ ነው። ከዮፍታሔ ሥራዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የቀሩትን ለማወቅ የቻልነው እንደ ዮሐንስ አድማሱ ያሉ ሰዎች ኋላ ላይ ዞረው ስለ ፈለጓቸው ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ በዳንግላ ቆንስላ ነበራት። ቆንስሉ ሜጀር ቺዝማን ከ1918 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት እዚያ ተቀምጦ የጣናንና የዓባይን ካርታ ሲያነሣ ኖሯል፤ መጽሐፍም ጽፎበታል። የእንግሊዝ ኮሜዲ ግን ወደ እኛ የመጣው በዳንግላ በኩል አይደለም። የመጣው እንግሊዝ ሄደው በተመለሱ ተማሪዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገና ሃያ ዓመት ይቀረዋል።

ከ1928 እስከ 1940 ዓ.ም.፦ የተቋረጠው መድረክ

በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ዓላማው ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት በንግግርና በዜማ ማዘጋጀት ነበር። ወዲያው ወረራው መጣ፤ በአምስቱ ዓመት የአማርኛ ትያትር ታሪክ ባዶ ገጽ ነው ማለት ይቻላል። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሐዲስ ዓለማየሁ ተማርከው ኢጣሊያ ታሰሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም አገር ጥለው ወጡ።

በ1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ በበላያ ተራራ አድርጎ ወደ እንጅባራና ወደ ቡሬ ሲወጣ፣ ከስደት ከተመለሱት ጋር ብዕረኞቹም ተመለሱ። ሀገር ፍቅር እንደገና ተቋቋመና ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አጭር አስቂኝ ጨዋታና ረጅም ድራማ በአንድ ምሽት የሚቀርቡበት ቤት ሆነ። ሕዝቡ ይስቅ ነበር። የሚስቅበት አጭር ጨዋታ ግን የሚታተምለት ደራሲ አላገኘም። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. አረፉ።

ከ1941 እስከ 1946 ዓ.ም.፦ ለንደን

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ወጣቶችን ወደ ውጭ ልኮ ማስተማር እንደገና ጀመረ። ከነዚህ አንዱ መንግሥቱ ለማ ነበሩ። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ሊቅ ናቸው፤ ሲተርኩ ደግሞ አድማጭ አያስነሡም። ልጃቸው ኋላ የአባታቸውን ትዝታ ከአፋቸው እየሰሙ ጽፈው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመውላቸዋል። መንግሥቱ በመጀመሪያ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያ ኮተቤ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ለንደን።

ለንደን ውስጥ የገቡበት ትምህርት ቤት የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት በ1895 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት አራት ሰዎች አንዱ ተውኔት ጸሐፊው ጆርጅ በርናርድ ሾው መሆኑ የሚታወሰው ከስንት አንዴ ነው። መንግሥቱ እንግሊዝ ሲደርሱ ሾው ገና በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1950 እ.ኤ.አ. በ94 ዓመቱ ነው። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ የዚህን ሰውዬ ተውኔቶች አነበቡ፣ መድረክ ላይም አዩ። በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ገብተው «ላየን ከብ» በሚባለው መጽሔት ላይ ይጽፉ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሾው ለታተመ ተውኔት ያደረገው ነገር የእኛንም ታሪክ ነክቷል።

እንግሊዝ አገር ኮሜዲ በአመዛኙ ከንባብ ይልቅ የመድረክ ነገር ነበር። ሪቻርድ ሼሪዳን በ1777 እ.ኤ.አ. «የሐሜት ትምህርት ቤት» የተባለውን፣ በቋንቋው ከተጻፉት ኮሜዲዎች ሁሉ ከላይ የሚቀመጠውን ተውኔት ለመድረክ አበቃ። ደራሲው ግን በሕይወት ሳለ ራሱ አላሳተመውም። ሌሎች ጽሑፉን እየሰረቁ ደብሊን ውስጥ አተሙት። ነገሩ የገንዘብ ነው፦ ጽሑፉ ከታተመ የትኛውም ትያትር ቤት አንሥቶ ሊጫወተው ይችላል። ስለዚህ ትርፉ ያለው ደብቆ በመያዝ ላይ ነበር።

ሾው ይህን ገለበጠው፤ ያስገለበጠውም ሳንሱር ነው። በእንግሊዝ ከ1737 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ተውኔት መድረክ ከመውጣቱ በፊት የቤተ መንግሥቱ ሹም፣ ሎርድ ቼምበርሌን፣ መፍቀድ ነበረበት። ሾው በ1893 እ.ኤ.አ. የጻፈው «የሚስስ ዋረን ሙያ» ስለ ሴተኛ አዳሪነትና ከኋላው ስላለው ገንዘብ ስለሚናገር ተከለከለ። ሳንሱሩ መድረክ እንጂ መጽሐፍ የመከልከል ሥልጣን አልነበረውም። ሾው ይህን ቀዳዳ አየና በ1898 እ.ኤ.አ. ሰባት ተውኔቶቹን በሁለት ጥራዝ አሳተመ። የተከለከለውም ከመካከላቸው አለበት። በእንግሊዝ ሕዝብ ፊት በይፋ እንዲታይ የተፈቀደው ግን በ1925 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንባቢ ከተመልካች በ27 ዓመት ቀደመ።

መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ ቀርበን እንየው። የቀድሞ የተውኔት ኅትመት ለተዋንያን መለማመጃ የሚሆን ቀጭን ወረቀት ነበር፤ «ከግራ ይገባል፣ በቀኝ ይወጣል» ዓይነት አጭር ትእዛዝ ብቻ ይዞ። ሾው ያንን አውጥቶ ጣለና እንደ ልብ ወለድ ጻፈው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ወንበር፣ የባለቤቱን ጠባይ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ይነግረናል። ተውኔቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ረጅም መቅድም አለ። ፊደሉን ራሱ መረጠ፤ ካዝለን የተባለውን አሮጌ ቅርጽ። አንድ ቃል ጠበቅ ተደርጎ መነገር እንዳለበት ለማሳየት ፊደሉን አያጋድምም፤ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ይተዋል። ትያትር ቤት የሌለበት ከተማ የተቀመጠ አንባቢ የተዋናዩን ድምፅ ከገጹ ላይ እንዲሰማ ነው ይህ ሁሉ።

መንግሥቱ ለማ ከለንደን ይዘውት የመጡት ይህን ነው ብዬ አምናለሁ። ፊደሉንና ጥራዙን አይደለም፤ ኮሜዲ ሊታይም ሊነበብም የሚችል ቁም ነገር መሆኑን።

ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም.፦ ሼክስፒር ያለ ሳቁ

በዚህ መሐል አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛው ተውኔት በሌላ በር ገባ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡሊየት»ን በአማርኛ ግጥም በ1946 ዓ.ም. አወጡት። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ቤት ተከፈተ። ቀጥሎም ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ እንግሊዝ ውስጥ ሮያል ኮርት ትያትርን አይተው የተመለሱት፣ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሀምሌት»ን ተረጎሙ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ነበረውና የጸጋዬን ትርጉሞች አሳተመ።

ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየ ሁሉም የሐዘን ትያትሮች ናቸው። የሼክስፒር ኮሜዲዎች ከደራሲው ሥራ ሢሶውን ቢያክሉም በአማርኛ ኅትመት የወጡልን እነ ኦቴሎ ናቸው። ምክንያቱ አይጠፋም። የነገሥታት ደም፣ የሥልጣን ጥም፣ የክህደት ታሪክ ዜና መዋዕል ላደገበት አንባቢ ቅርብ ነው። የኮሜዲ ቀልድ ግን በቃላት መንታ ፍቺ፣ በአገሬው ወግና በጎረቤት ሐሜት ላይ የተሠራ ስለሆነ ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይሞታል። አማርኛ ሳቁን ከራሱ ወግ መውለድ ነበረበት። እርግጥ ጸጋዬ ከውጭ ሳቅ ሲፈልጉ ከሼክስፒር ይልቅ ወደ ፈረንሳዩ ሞልዬር ዞረዋል፤ «የፌዝ ዶክተር» ብለው አመጡልን።

ከ1957 እስከ 1961 ዓ.ም.፦ ሁለቱ መጻሕፍት

መንግሥቱ ለማ ከለንደን ተመልሰው በመንግሥት ሥራ፣ ከዚያም በሕንድ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገሉ። የግጥም መድበላቸውንና የአባቶችን ተረትና ጨዋታ የሰበሰቡበትን መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ለአማርኛ ኮሜዲ ዋና የሚባሉት ሁለት ሥራዎች መጡ።

መጀመሪያ የተጻፈውና የታየው «ጠልፎ በኪሴ» ነው። ርእሱ ብቻ ያስቃል። የተማሩ የከተማ ወጣቶች የአያቶቻቸውን የጠለፋ ወግ ሊያድሱ ይነሣሉ። ወጉን ከመጽሐፍ እንጂ ከኑሮ አያውቁትም፤ ጀግንነቱም፣ ሽምግልናውም፣ እርቁም ይደበላለቅባቸዋል። ተመልካቹ መጀመሪያ በወጉ የሚሳቅ ይመስለዋል፤ ቆይቶ ግን የሚሳቀው በተማረው ልጅ መሆኑ ይገባዋል።

ዛሬ ይህን ተውኔት ያለ አንዳች ቅሬታ ማንበብ እንደማይቻል እዚህ ላይ ልናገር። ጠለፋ በእኛ ገጠር የስንት ልጃገረድ ሕይወት የተሰበረበት ወንጀል ነው፤ የተጠለፈችው ልጅ ወገን ሆኖ ለሚያነብ ሰው ቀልዱ አንዳንድ ቦታ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ያም ሆኖ ደራሲው ጠላፊውን ጀግና አላደረጉትም። ያደረጉት ሞኝ ነው፤ ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው «ያላቻ ጋብቻ» ነው፤ በ1957 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የባላባት ልጅ ሹመትና ሀብት ትቶ ገጠር ይወርዳል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ይባስ ብሎ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሣል። ባላባት አክስቱ ይህን ሰምታ ዝም አትልም። «አቻ» የሚለው ነገር ምን እንደሆነ፣ በአጥንት ይሁን በዕውቀት ወይም በልብ፣ በየምልልሱ ይፈተሻል። ገጸ ባሕርያቱ ስለ ኅብረተሰብ ሲከራከሩ የሾው ጥላ ይታያል፤ ከአፋቸው የሚወጣው አማርኛ ግን የአለቃ ለማ ቤት አማርኛ ነው። መጽሐፉ እንደ ሾው መጻሕፍት መቅድም አለው። ደራሲው ተመልካች ብቻ ሳይሆን አንባቢ ፈልገዋል።

ጊዜውም የተመቸ ነበር። ያላቻ ጋብቻ በወጣበት ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ ማሠራት ጀመረ። አብዛኞቹ የተላኩት ለአስተማሪነት ነው። የከተማ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ገበሬው ቆሞ ሲያየው፣ ሁለቱም ምን እንደሚባባሉ ሲጠፋቸው፣ ተውኔቱ በየወረዳው በእውን መታየት ጀመረ ማለት ነው። የትያትር ቡድን በማይደርስበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ ብቻ በቂ ነው፤ መምህሩ ያነብባል፣ ተማሪዎች ቃለ ምልልሱን ተከፋፍለው ይጫወቱታል።

ሁለቱም ተውኔቶች ደግሞ አቅጣጫውን ቀይረው ወደ እንግሊዝኛ ሄዱ። ጠልፎ በኪሴን ሲልቪያ ፓንክረስት የመሠረቱት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አወጣው፤ ያላቻ ጋብቻን ማክሚላን በ1970 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አሳተመው። ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት ሲልቪያ ከሾው ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ከሾው የተጀመረው ነገር በወዳጁ መጽሔት በኩል ወደ እንግሊዝኛ አንባቢ ተመለሰ።

የጠልፎ በኪሴ የአማርኛ መጽሐፍ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መባቻ፣ በመስከረም፣ እንግሊዝ ለ231 ዓመት የቆየውን የሎርድ ቼምበርሌን የመድረክ ሳንሱር ሻረች። በእኛ አገር ግን ማንኛውም ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት በሳንሱር ክፍል ማለፉ ቀጠለ። ሾው በሳንሱሩ ቀዳዳ ወደ መጽሐፍ ማምለጥ ችሎ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ያ ቀዳዳ አልነበረውም። መድረኩንም መጽሐፉንም የሚጠብቀው አንድ በረኛ ነው። የመንግሥቱ ኮሜዲዎች ስለ ጋብቻ እንጂ በቀጥታ ስለ ዙፋን የማይናገሩት በዚህም ምክንያት ይመስለኛል። ከፋቡላ ዕጣ ሁሉም ተምሯል።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

አብዮቱ ሲመጣ መድረኩ በቀይ ባንዲራ ተሞላ። ያን ጊዜ የሚፈለገው ቆራጥ ገበሬ እንጂ ግራ የተጋባ ምሁር አልነበረም። መንግሥቱ ለማ አዲስ በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ክፍል አስተማሩ። የእንግሊዙን የጄ. ቢ. ፕሪስትሊን የመርማሪ ተውኔት «ጠያቂ» ብለው ወደ አገራችን ሕይወት አዛመዱት። ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ የሕይወት ታሪካቸው «ደማሙ ብዕረኛ» በሚል ርእስ በኋላ ታትሞላቸዋል።

ቅድመ ኅትመት ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። ኮሜዲም እንደ አሸን ፈላ። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ትያትር ለዓመታት ያለ ማቋረጥ ታየ። በረኛው ከተነሣ በኋላ ግን የታተመው ኮሜዲ አልበዛም፤ ይህ ሊያስገርመን ይገባል። ደራሲው እንደ ሼሪዳን ጽሑፉን ይዞ መቆየት ይመርጣል፤ አሳታሚው ተውኔት አይሸጥም ይላል፤ የወረቀት ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ይንራል። ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ ቀልዱን በነፃ ስለሚያደርሱ ማንም የታተመውን አይጠይቅም። ውጤቱ በ1920ዎቹ ከነበረው አይለይም፤ አዲስ አበባ የታየ ኮሜዲ ጥርባ የሚደርሰው በወሬ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ለአሳታሚዎች ነው፦ ፋቡላን፣ ያላቻ ጋብቻንና ጠልፎ በኪሴን ከማብራሪያ ጋር በአንድ ጥራዝ አውጡልን፤ ሦስቱም ቀጫጭን ናቸው፣ አንድ ላይ ቢጠረዙም መጠነኛ መጽሐፍ ነው የሚሆኑት። ሁለተኛው በአዊ ዞን ለምትገኙ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነው፦ አሮጌ መጽሐፍ ለቅሞ የማስወገድ ጊዜ ሲመጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የተውኔት መጽሐፍ ካገኛችሁ ከክምሩ አውጡትና ለድራማ ክበቡ ልጆች ስጡት።